ሳልመን በእሳት ዳር

ሬንተን ከሲያትል በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት። በመካከሏ ሲዳር ወንዝ ያልፋል። የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት የተሠራው ከወንዙ ዳር ሳይሆን ከወንዙ በላይ ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ከሕንፃው ቁልቁል የተመለከተ ሰው ውኃውን እየቀዘፉ ሽቅብ የሚሄዱ ቀያይ ሳልመኖችን ያያል። በዚህች ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በሰኔ ወር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ ከየጓሮው የከሰል ጭስ ይነሳል።

ከነዚህ ጓሮዎች በአንዱ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ አዚፋ፣ በጆግ የተበጠበጠ ተልባ ቀርቧል። የሐዋርያት ጾም ነው፤ ሥጋና ቅቤ የለም። በጾም ዓሣ በመብላት ረገድ የምእመናን ልማድ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይህ ቤተሰብ ይበላል፣ ግራና ቀኝ ካሉት ጎረቤቶች አንዳንዶቹ አይቀምሱም። እናም በጠረጴዛው ጫፍ፣ በሰፊ ትሪ ላይ፣ ቆዳው ያልተገፈፈ፣ ሥጋው ደማቅ ቀይ የሆነ አንድ ጎን ሳልመን ተጋድሟል።

ከሰሉን የያዙት ጎልማሳ በወጣትነታቸው አላስካ ሄደው ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል። ከምሥራቅ አፍሪካ ወደዚህ አገር ከመጡት ውስጥ በዚያ ቅዝቃዜ፣ በዚያ የረዥም ሰዓት ሥራ ያለፉ ጥቂት አይደሉም። ፍሙን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሰበሰቡት። ዓሣውን ግን ፍም በሌለበት ወገን፣ በቆዳው በኩል አስተኙትና ክዳኑን ገጠሙ።

«ጋሼ፣ እሳቱ እኮ በዚያ በኩል ነው» አለ መገልበጫ ይዞ የቆመው የወንድማቸው ልጅ።

«አውቃለሁ።»

«ልገልብጠው?»

«ተው፣ አትንካው። ይህ አይገለበጥም።»

ከጠረጴዛው በኩል ባለቤታቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ «ደግሞ ጥሬውን እንዳታበላን!»

ጎልማሳው አልመለሱም። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ክዳኑን ከፍተው ቀጭን ቴርሞሜትር ከወፍራሙ ቦታ ሰኩ፤ አዩት፤ ዓሣውን በሁለት መገልበጫ ደግፈው አወጡት። ገና ነው ያለው ብዙ ነበር። ሲቆረስ ግን ሥጋው በሉህ በሉህ ተከፈለ፣ ከመካከሉም እርጥበት ያለው፣ ከዳሩ ይልቅ ጠቆር ያለ ቀይ ታየ። ሊበስል ትንሽ የቀረው ሳይሆን በስሎ ሳይደርቅ የወጣ ነበር።

በቤት ሳልመን የሚጠብስ ሰው ሁሉ የሚቸገረው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው፤ ዓሣው ከእሳቱ ምን ያህል ይራቅ፣ ከእሳቱስ መቼ ይውጣ። ቅመሙ፣ ሎሚው፣ ማባያው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ማዕድ ደግሞ በዚህ በኩል ልዩ ፈተና አለበት። የወጡ ሽንኩርት ሰዓት ፈጅቶ የሚቁላላበት፣ ዶሮው ተንተክትኮ የሚበስልበት ቤት ያደገ ሰው ዓሣን በስምንትና በዘጠኝ ደቂቃ ከእሳት ማውረድ ያስፈራዋል። ጥሬ ሥጋ ሳይፈራ የሚበላው ሰው እንኳ፣ ዓሣ ሲሆን እስኪደርቅ ካልተጠበሰ አያምንም። ጥሩ ሳልመን ከክትፎ ለብለብ ያለፈ፣ ከደረቅ ጥብስ ግን ብዙ ያነሰ ነው።

ለምን እንዲህ ቶሎ ይበስላል? መልሱ ያለው ዓሣው በኖረበት ውኃ ውስጥ ነው። በሬ የራሱን ክብደት በእግሮቹ ተሸክሞ ይቆማል፤ ሥጋው ረዣዥም በሆኑ ክሮች የተገነባ፣ በጠንካራ ጅማት የታሰረ ነው። ያንን ጅማት ለማላላት ሙቀትም ጊዜም ያስፈልጋል። ዓሣን ግን ውኃው ይሸከመዋል። የሥጋው ክሮች አጫጭር ናቸው፤ በቀጫጭን ሉሆች ተደርድረው በስስ ማያያዣ ብቻ ተጣብቀዋል። ይህ ማያያዣ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል፣ ሉሆቹም ይላቀቃሉ። ከዚያ በላይ የሚሰጠው ሙቀት ከሥጋው ውስጥ ፈሳሹን ጨምቆ ከማውጣት በቀር የሚሠራው ሥራ የለም። ከልክ ባለፈ ሳልመን ላይ የሚታየው ነጭ፣ የረጋ አረፋ የሚመስል ነገር የዚህ ምልክት ነው። ስብ ይመስላል፤ ግን ፕሮቲን ነው። አልቡሚን ይባላል፣ ክሮቹ ሲኮማተሩ ወደ ውጭ ተገፍቶ በሙቀቱ የረጋ ነው። ትንሽ ቢታይ ጉዳት የለውም። ዓሣውን በሙሉ ካለበሰው ግን የማውጫው ሰዓት አልፏል።

ፍሙን ወደ አንድ ወገን፣ ዓሣውን ወደ ሌላው ማድረግ የአንድ ጓሮ ፈጠራ አይደለም። በዚህ ባሕር ዳርቻ ከማንም በፊት የኖሩት የኮስት ሳሊሽ ሕዝቦች ሳልመንን ሲጠብሱ የኖሩት ከእሳት በላይ ሳይሆን ከእሳት ጎን ነው። ዓሣው ይሰነጠቅና የጀርባ አጥንቱ ይወጣል፤ እንደ መጽሐፍ ተዘርግቶ በተሰነጠቀ ረዥም እንጨት መካከል ይገባል፤ ሥጋው እንዳይታጠፍ ቀጫጭን የሴዳር ስንጣሪዎች አግድም ይሰኩበታል። ከዚያ እንጨቱ መሬት ላይ ይተከላል፣ ወደ እሳቱም ትንሽ ዘንበል ይላል። የሚነደው አልደር የሚባለው የአካባቢው ዛፍ ነው፤ ጭሱ ለስላሳ ነው፣ ዓሣውን አያመርረውም። ነበልባሉ ዓሣውን አይነካውም። የሚያበስለው ከጎን የሚመጣው ሙቀት ነው፤ የሚንጠባጠበውም ስብ እሳቱ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ይወድቃል። በዚህ የተነሳ ስብ ነዶ የሚያመጣው ጥቁርና መራራ ጭስ ዓሣው ላይ አያርፍም።

ብዙዎቹ የአካባቢው ነገዶች የወቅቱ የመጀመሪያ ሳልመን ሲመጣ በሥነ ሥርዓት ይቀበሉታል፤ ሥጋውን ተካፍለው በልተው አጥንቱን ወደ ውኃው ይመልሳሉ። ይህን ልማድና ይህን አጠባበስ ይዘው የቆዩት በቀላሉ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የዋሽንግተን ግዛት ገዥ አይዛክ ስቲቨንስ ከነገዶቹ ጋር ውል ሲፈራረም፣ ነገዶቹ ሰፊ መሬት ለቅቀው በለመዱባቸው ስፍራዎች ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን ግን አስቀርተው ነበር። ውሉ በወረቀት ኖረ፣ አጥማጆቹ ግን በየወንዙ ይታሰሩ ጀመር። ቢሊ ፍራንክ ጁኒየር የተባለው የኒስኳሊ ነገድ ሰው በ1945፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ዓሣ በማጥመዱ ታሰረ፤ በሕይወት ዘመኑ ከ50 ጊዜ በላይ ተይዟል። የካቲት 1974 የፌዴራሉ ዳኛ ጆርጅ ቦልት ውሉን አገላብጠው መርምረው ነገዶቹ ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ ድረስ የመውሰድ መብት አላቸው ብለው ፈረዱ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 ፍርዱን አጸናው። ቢሊ ፍራንክ በ2014 ሞተ፤ በማግሥቱ ዓመት የአገሪቱ ከፍተኛው የሲቪል ሜዳልያ በስሙ ተሰጠ። በሲያትል ዙሪያ ባለው ውኃ የሚጠመድ የዱር ሳልመን ከዚህ ፍርድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህን ዓሣ የሚገዛ ሰው ይህን ታሪክ ማወቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሱቁ እንሂድ። በ1907 በተከፈተው የፓይክ ፕሌስ ገበያ ሻጮቹ ዓሣውን በአየር እየወረወሩ ይቀባበሉታል፤ ጎብኚው ያጨበጭባል። ገዢው ግን ከውርወራው ይልቅ በረዶው ላይ የተሰካችውን ወረቀት ማንበብ አለበት። ሳልመን አንድ ዓሣ አይደለም። በፓስፊክ በኩል ለገበያ የሚቀርቡ 5 ዓይነቶች አሉ። ኪንግ ትልቁና ስቡ የበዛው ነው። ሶካይ ሥጋው እጅግ ቀይ፣ ጣዕሙ ጠንካራ፣ ፊሌቶው ቀጭን ነው። ኮሆ በመካከላቸው ይቀመጣል። ፒንክና ቻም ስባቸው አነስተኛ፣ ዋጋቸውም ረከስ ያለ ነው፤ ፒንክ በሲያትል ዙሪያ ባለው የባሕር ወሽመጥ በብዛት የሚመጣው በጎዶሎ ዓመት ብቻ ነው። ስድስተኛው የአትላንቲክ ሳልመን ነው፤ በዓለም ገበያ ላይ ያለው የአትላንቲክ ሳልመን ማለት ይቻላል ሁሉም ከእርባታ የሚመጣ ነው፤ ኖርዌይ ቀዳሚዋ፣ ቺሊ ሁለተኛዋ አምራች ናቸው። በዱባይም ሆነ በፍራንክፈርት ኢትዮጵያውያን የሚገዙት በአብዛኛው ይህንኑ ነው።

የስቡ ልዩነት ለጠባሹ ከስሙ ይበልጣል። ስብ የበዛበት ዓሣ የአንድ ሁለት ደቂቃ ስህተት ይችላል፤ ስብ ያነሰው አይችልም። ስቡ ከየት እንደሚመጣ ለማየት በአላስካ ያለውን የኮፐር ወንዝ ማሰብ ይበቃል። ሳልመን በወንዝ ተወልዶ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ዓመታት ኖሮ ለመራባት የተወለደበትን ወንዝ በማሽተት ለይቶ ይመለሳል። ወደ ወንዙ ከገባ በኋላ አይመገብም። ኮፐር ወንዝ 480 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ቀዝቃዛና ኃይለኛ ነው፤ ያንን ሁሉ ሽቅብ የሚጓዘው በባሕር ባጠራቀመው ስብ ብቻ ነው። ስለዚህ ከወንዙ አፍ ላይ፣ ጉዞውን ሊጀምር ሲል የተጠመደ ዓሣ በስብ የተሞላ ነው። ጆን ሮውሊ የተባለው የሲያትል ሰው በ1983 ይህን ዓሣ ትኩሱን በአውሮፕላን አስመጥቶ ለከተማዋ ምግብ ቤቶች ካስተዋወቀ ወዲህ፣ በየዓመቱ በግንቦት የመጀመሪያው ጭነት ሲደርስ አብሳዮችና ጋዜጠኞች አየር ማረፊያ ድረስ ሄደው ይቀበሉታል።

ጥራት ያለው ዓሣ ግን የግድ ውድ አይደለም። ባሕር ላይ ወዲያው የቀዘቀዘ ሶካይ፣ በሱቅ በረዶ ላይ ቀናት ከቆየ «ትኩስ» ኪንግ ይሻላል። ትኩስ ዓሣ የባሕር ውኃ እንጂ ዓሣ ዓሣ አይሸትም፤ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ይመለሳል፤ ሉሆቹ በጥሬነታቸው አልተከፋፈሉም። የቀለሙ ድምቀት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቀዩ ቀለም አስታዛንቲን ከተባለ ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ የዱሩ ዓሣ ከሚበላቸው ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ያገኘዋል፣ የእርባታው ደግሞ ከመኖው ጋር ይሰጠዋል።

የእርባታ ሳልመን ለጀማሪ ይመከራል፤ ስቡ ብዙ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። በእርባታው ላይ ያለው ክርክር ግን የዋዛ አይደለም። ነሐሴ 2017 በዋሽንግተን ግዛት በሳይፕረስ ደሴት አጠገብ የነበረ አንድ የእርባታ መረብ ፈርሶ፣ በግዛቲቱ ምርመራ መሠረት ከ200 ሺህ በላይ የአትላንቲክ ሳልመኖች ወደ ባሕሩ አመለጡ። በሚቀጥለው ዓመት ግዛቲቱ የዚህን ባዕድ ዝርያ የባሕር እርባታ ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አወጣች። በዱሩ በኩል ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። በሲያትል ዙሪያ ያለው ኪንግ ሳልመን ከ1999 ጀምሮ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ ተመዝግቧል። በሰሜን፣ በዩኮን ወንዝ፣ ዓሣው ከመመናመኑ የተነሳ አላስካና ካናዳ በ2024 ኪንግ ሳልመን ለ7 ዓመት እንዳይጠመድ ተስማምተዋል። ከዚህ ሁሉ የተነሳ ሶካይ፣ በተለይም በአላስካ ከብሪስቶል የባሕር ወሽመጥ የሚመጣው፣ ለቤት ጥብስ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን ይገባዋል፤ ክምችቱ ብዙ ነው፣ ዋጋውም ከኪንግ ያነሰ ነው።

ዓሣው ቤት ከገባ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው፤ ግን የሚዘለል የለበትም። ቆዳው አይገፈፍም። ቅርፊቱ ካለ በቢላ ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ ይፋቃል። ጣትን ሥጋው ላይ ሲያሳልፉ የሚወጉ ቀጫጭን አጥንቶች ይገኛሉ፤ በወረንጦ ተይዘው ወደ ተጋደሙበት አቅጣጫ ይሳባሉ፤ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ከተሳቡ ሥጋውን ይቀዱታል። ከዚያ ጨው። ለአንድ ኪሎ ዓሣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ተነስንሶ ሳይሸፈን ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። ጨው ጣዕም ከመስጠቱም ሌላ የላይኛውን ሥጋ ፈሳሽ ይዞ እንዲቆይ ያደርገዋል፤ ያ ነጭ አልቡሚንም ይቀንሳል። ሲወጣ በወረቀት ፎጣ ሁለቱም ወገን፣ በተለይ ቆዳው፣ ጥርት ተደርጎ ይደርቃል። እርጥብ ቆዳ አይጠበስም፤ ይቀቀላል፣ ብረቱም ላይ ይጣበቃል።

ሎሚን አስቀድሞ መጭመቅ ብዙዎች የሚወዱት ልማድ ነው። ለሳልመን ግን አይመችም። አሲዱ የላይኛውን ሥጋ በጥሬው ያነጣዋል፣ ከተጠበሰ በኋላም ዱቄት ዱቄት ይላል። ሎሚ ገበታ ላይ ይምጣ።

እሳቱን በተመለከተ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሰሉ ነበልባሉ አልፎ በስስ ነጭ አመድ እስኪሸፈን ይጠበቃል። ከዚያ ሁለት ሦስተኛው የመጥበሻው ወለል ባዶ እስኪሆን ፍሙ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል። በጋዝ የሚሠራ መጥበሻ ያለው ሰው አንዱን ማንደጃ ከፍ አድርጎ ሌላውን ያጠፋዋል። ብረቱ በክዳን ተከድኖ 10 ደቂቃ ያህል ይግላል፤ ከዚያ በብረት ብሩሽ ይፋቃል፤ በመጨረሻም በዘይት የተነከረ ጨርቅ በጉጠት ተይዞ ይወለወላል። አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ፤ ዘይቱ በጋለው ብረት ላይ እየደረቀ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ዓሣውን ከብረቱ የሚለየውም ያ ሽፋን ነው። የዓሣ ፕሮቲን ከብረት ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ይያያዛል፤ ቆሻሻ ወይም ያልጋለ ብረት ላይ የተቀመጠ ፊሌቶ ግማሹ እዚያው የሚቀረው ለዚህ ነው።

ቆዳው በዘይት ይቀባል፤ ዓሣው በቆዳው በኩል መጀመሪያ ወደ ፍሙ ጠርዝ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ፣ ቆዳው ሲንጫጫ እስኪሰማ ይቀመጣል። ቀጥሎ ወደ ባዶው ወገን ይንሸራተታል። ክዳኑ ይገጠማል። ከዚህ በኋላ እጅን መሰብሰብ ነው። የተከደነው መጥበሻ ሙቀቱን ከላይም ከጎንም ስለሚመልሰው ዓሣውን መገልበጥ አያስፈልግም፤ ቆዳው እንደ ጋሻ ሆኖ ከሥር ያለውን ኃይለኛ ሙቀት ይቀበላል። ዓሣው ጊዜው ሳይደርስ ቢነካ ይይዛል፤ ሲደርስ በራሱ ይለቃል። ቆዳው ብረቱን አልለቅ ካለ፣ ግማሽ ደቂቃ ጨምሮ እንደገና መሞከር እንጂ በመገልበጫ መታገል አይገባም።

ስንት ደቂቃ? ከካናዳ የመጣ አንድ የቆየ መመሪያ አለ፤ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 10 ደቂቃ ይላል። ለወፍራም የእርባታ ዓሣ ይሠራል፤ ለቀጭን ሶካይ ግን ብዙ ነው፣ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃዋል። ከሰዓት ይልቅ የሚታመነው ቴርሞሜትር ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ያወጣል፣ ብዙ ዓሣ ያድናል። የእርባታው ሳልመን ከወፍራሙ ቦታ ሲለካ 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የዱሩ ደግሞ 49 ዲግሪ ሲደርስ ብዙ አብሳዮች ያወጡታል፤ አርፎ እያለ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። የአሜሪካ መንግሥት የምግብ ደኅንነት መመሪያ የሚለው ግን 63 ዲግሪ ነው። ይህ ልዩነት በጣዕም ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለአረጋዊ፣ ሕመም ላለበት ሰው 63 ዲግሪው ይከበር፤ የነሱ ቁራሽ ከጅራቱ በኩል፣ ቀጭን ከሆነውና ቀድሞ ከሚበስለው ይቆረጥላቸው። አንድ ፊሌቶ በዚህ መንገድ ለሁሉም ይበቃል።

ጥገኛ ትሎች የሚያሳስቡት ሰው ልክ ነው። የዱር ሳልመን አኒሳኪስ የተባለ ትል ሊኖርበት ይችላል። 63 ዲግሪ ይገድለዋል፤ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ7 ቀን መቀዝቀዝም ይገድለዋል። ብዙ የቤት ማቀዝቀዣ ያን ያህል አይወርድም። ስለዚህ ዓሣውን ከመካከል ለስለስ አድርጎ መብላት የሚፈልግ ሰው ቀድሞ በፋብሪካ የቀዘቀዘውን ይግዛ።

ቴርሞሜትር የሌለው በቢላ ጫፍ ሉሆቹን በስሱ ይክፈት። ዳሩ ፈዛዛ፣ መካከሉ አሁንም በስሱ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ማውጫው ደርሷል፤ መካከሉም ፈዞ በሹካ በቀላሉ ከተላቀቀ ሙሉ በሙሉ በስሏል።

ቅመሙ ላይ የኢትዮጵያ ማጀት የሚያበረክተው ብዙ ነው፤ ጊዜውን ካወቀ። በርበሬ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ያርራል፤ ሲያርር ይመራል። አዋዜ ቀብቶ ፍም ላይ ማጋደም ስለዚህ አይሆንም፤ ማርና ስኳር የገባበት ቅብም እንደዚያው። አዋዜው በዘይትና በሎሚ ተበጥብጦ በመጨረሻዋ ደቂቃ ይቀባ፣ ወይም ከእሳት ሲወርድ ይፍሰስበት። በቅቤ ላይ የሚገቡትን ኮሰረትና ኮረሪማ ከነጭ ሽንኩርት ጋር በዘይት ለስለስ አድርጎ ማሞቅና ዓሣው ላይ ማንጠባጠብ ለጾም ቀን የሚያስደስት ነገር ነው፤ የሳልመን ስብ የኮሰረትን ሽታ ይይዛል። ሰናፍጭ ከጎኑ ይስማማዋል። ሚጥሚጣ ጥቂት፣ ገበታ ላይ። ዳጣ ለሚወድ ዳጣ። ሁሉንም አንድ ላይ ማድረግ ግን ለዓሣው ክብር አይሆንም፤ 480 ኪሎ ሜትር ሊወጣ የተሰናዳ ስብ የራሱ ጣዕም አለው።

ጓሮ የሌለው ሰውስ? በመጀመሪያ፣ ከሰል ቤት ውስጥ አይነድም፤ መስኮት ቢከፈትም እንኳ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። በብዙ አፓርታማዎች በረንዳ ላይም መጥበስ ክልክል ነው። ኦቨን ግን ከላይ የሚያነድ ክፍል አለው፤ እሱ በተገለበጠ አኳኋን የእሳት ዳር ጥብስ ይሠራል። ኦቨኑ በደንብ ይሙቅ፤ ዓሣው ቆዳው ወደ ታች ሆኖ ከእሳቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ቆዳው እንዲንኮሻኮሽ የሚፈልግ የብረት መጥበሻ በዘይት ያግል፣ ዓሣውን በቆዳው በኩል ያስተኛ፣ እንዳይኮማተር ለመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ በመገልበጫ ይጫነው፣ ከዚያ እሳቱን ይቀንስ። ሥጋው ከሥር ወደ ላይ ሲፈዝ ከጎን ይታያል፤ ከሦስት ሁለቱ እጅ ሲፈዝ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ይገለበጣል።

የጭስ ጣዕም የሚወዱ ደግሞ የሴዳር ጣውላ ይጠቀማሉ። ጣውላው ኬሚካል ያልነካው፣ ለምግብ ተብሎ የተሸጠ መሆን አለበት፤ የግንባታ እንጨት አይሆንም። ቢያንስ አንድ ሰዓት በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ዓሣው ከላዩ ተጋድሞ ክዳኑ ይገጠማል። ጣውላው ከሥር እየጨሰ ዓሣውን ከእሳቱ ይከልለዋል። ከ12 እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ጠርዙ ቢነድ የሚረጭ ውኃ አጠገብ ይኑር።

ሳልመን ቀዝቃዛ ባሕርና ቀዝቃዛ ወንዝ የሚፈልግ ዓሣ ስለሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። የቅርብ ዘመዱ ግን አለ። በባሌ ተራሮች፣ በወይብና በሻያ ወንዞች፣ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በፊት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት ይዋኛል፤ ከትራውት ዓይነቶቹም አንዱ፣ ጎኑ ላይ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ከፓስፊክ ሳልመኖች ጋር በአንድ ወገን የሚመደብ ነው። ሥጋው የሳልመንን ያህል ስብ የለውም፤ ሙሉውን፣ ሆዱ ተጠርጎ፣ ቆዳው በዘይት ተቀብቶ፣ ከፍሙ ፈቀቅ ብሎ ቢጠበስ ግን በዚሁ ዘዴ ያምራል።

ከሐዋሳና ከዝዋይ የሚመጣው ቆሮሶም እንዲሁ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይለያል። ቆሮሶ ስቡ አነስተኛ ስለሆነ ከመጠበሱ በፊት ከቆዳው በላይ ዘይት በደንብ ይቀባል፤ ጎኖቹም በቢላ ሦስት አራት ቦታ ሸርተት ይደረጋሉ፤ ሙቀቱ አጥንቱ ድረስ እንዲገባ። ሁለተኛው፣ የጨው አልባ ውኃ ዓሣ እንደ ሳልመን መካከሉን ለስልሶ አይወጣም፤ ሙሉ በሙሉ ይብሰል። ከሰል ምድጃ ላይ ከሆነ ፍሙ ወደ አንድ ወገን ይገፋል፣ የሽቦ ወንፊቱ ይግላል፣ ይቀባል፤ ዓሣው ይጋደማል፣ ከላዩ ጎድጓዳ ሣህን ይደፋበታል። በመጠኑ ልክ 6 ወይም 7 ደቂቃ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጣል። የጀርባው አጥንት አጠገብ ያለው ሥጋ በቢላ ጫፍ ሲነካ ነጥቶ ከአጥንቱ ከተላቀቀ፣ ይወጣል፤ ሎሚውና ዳጣው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።